የታመቀ አየር ሕክምና ታሪክ ከሰቆጣ ደጋ ሲታይ

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሸለቆ የወረደ መንገደኛ ቆላ ሲደርስ ሙቀቱ ያማርረዋል እንጂ ትንፋሹ እንደ ቀለለው ልብ አይልም። ልብ የሚለው ሲመለስ ነው። አህያውን ጭኖ ዳገቱን ሲያያዘው፣ በየመታጠፊያው ቆሞ ሲያለከልክ፣ ሲወርድ ያልቆጠረውን ከፍታ ያን ጊዜ ይቆጥረዋል። ይህ መንገደኛ በእግሩ የሚያደርገውን ነገር ሐኪሞች በብረት ክፍል ውስጥ ለማድረግ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ደክመዋል፤ ይኸውም በሽተኛውን ከአልጋው ሳያነሡ ወደ ታች፣ ከባሕር ወለልም በታች፣ አየር ወደሚከብድበት ስፍራ ማውረድ ነው። ዛሬ ሃይፐርባሪክ እየተባለ የሚጠራው፣ ከፍተኛ ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ የሚሰጠው የኦክሲጅን ሕክምና የዚህ ድካም ፍሬ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,266 ሜትር ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን በባሕር ጠረፍ 760 ነው። ብዙ ሰው «በደጋ ኦክሲጅን ያንሳል» ሲባል የአየሩ ቅይጥ የተለወጠ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በምጽዋም ሆነ በሰቆጣ፣ በራስ ዳሸን ጫፍም ቢሆን፣ ከመቶው እጅ አየር 21ዱ ኦክሲጅን ነው። የሚያንሰው አየሩን ከላይ የሚያምቀው ክብደት ነው። ስለዚህ የሰቆጣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በጠረፍ ያለው ሰው ከሚያገኘው ከአራት ሦስት እጁ ያህል ብቻ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የመንገደኛ አውሮፕላን በሰማይ ሲበር በውስጡ ያለው ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይሠራል። ለመንገደኛው ለጥቂት ሰዓት የተፈቀደው የመጨረሻ ወሰን ለዋግ ገበሬ የዘወትር ኑሮው ነው፤ ከሰቆጣ በላይ ባሉት ደጋዎች ደግሞ ከወሰኑ አልፈው የሚያርሱና የሚያዘምሩ አሉ።

ደገኛው ይህን ኑሮ እንዴት እንደ ቻለው የተመራማሪዎችን ልብ ከሳበ ቆይቷል። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ከተከዜ ማዶ በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 ባወጡት ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የነዋሪዎቹ የደም ኦክሲጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 ከመቶ፣ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን ደግሞ በዴሲ ሊትር 15.9 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በቆላ ከሚኖር ሰው መጠን እምብዛም አይለይም። የአንዲስ ተራራ ሰዎች በዚህ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ደማቸው ባይወፍርም ሙሌታቸው ዝቅ ይላል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም የኢትዮጵያ ደገኛ እንዲህ ነው ለማለት እንደማያስደፍሩ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የተለካው የጤነኛ ሰው ሳንባ ነው። ሳንባው በምች የታፈነ ሕፃን የአያቶቹ መላመድ አያድነውም፤ ያደገበት ተራራ ከትርፉ ላይ አስቀድሞ ሩቡን ወስዶበታልና።

አየርን አምቆ በሽተኛን የማከም ሐሳብ ኦክሲጅን ከመታወቁ በፊት የተወለደ ነው። በ1662 እንግሊዛዊው ሄንሾ አንድ የታሸገ ቤት አስቦ፣ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ወናፍ አየር እየተነፋበት ለድንገተኛ ሕመም ግፊቱ ከፍ፣ ለቆየ ሕመም ደግሞ ዝቅ እንዲል ሐሳብ አቀረበ። ወናፍን የዋግ ብረት ሠሪም ያውቀዋል፤ ሄንሾ ያላወቀው የሚነፋው ምን እንደሆነ ነበር። ፕሪስትሊ ኦክሲጅንን ለይቶ ያስታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1774 ነው። በ1834 ፈረንሳዊው ሐኪም ዡኖ ከመዳብ ክብ ክፍል አሠርቶ በሽተኞችን ከሁለት እስከ አራት አትሞስፌር በሚደርስ ግፊት ያስቀምጥ ጀመር፤ ከእርሱም በኋላ የታመቀ አየር «መታጠቢያ» በአውሮፓ ከተሞች እንደ ጠበል የሚኬድበት ሆነ። በ1879 ፎንቴን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በመንኰራኩር የሚንቀሳቀስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሠራ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚታመቀው ተራ አየር ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ጠይቆ የመለሰ ግን አልነበረም።

ጥያቄውን ወደ ሚዛን ያመጣው ፖል ቤር ነው። ቤር በ1878 ባሳተመው ስለ አየር ግፊት በሚናገረው ትልቅ መጽሐፉ፣ ተራራ የሚያሳምመው የግፊቱ መቀነስ በራሱ ሳይሆን የኦክሲጅኑ የድርሻ ግፊት መቀነሱ መሆኑን በሙከራ አስረዳ። እርሱ ራሱ አየር በሚሳሳበት ክፍል ገብቶ ማዞር ሲጀምረው ኦክሲጅን እየሳበ ይነቃ ነበር። ይኸው ሰው የነገሩን ሌላ ገጽ ደግሞ አየ፤ ኦክሲጅን በከፍተኛ ግፊት ሲሰጥ እንስሳውን ያንፈራግጠዋል፣ ይገድለዋልም። መድኃኒቱና መርዙ በአንድ እጅ የተገኙት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ከቤር ዘመን አንድ ታሪክ ለሐኪም ሁሉ ሊነገር ይገባዋል። ሚያዝያ 15 ቀን 1875 ሦስት ፈረንሳውያን ዜኒት በተባለ ባሉን ወደ ሰማይ ወጡ። ኦክሲጅን በከረጢት ይዘዋል፤ ነገር ግን መጠኑ ጥቂት ስለነበረ ለመጨረሻው ከፍታ ይቈየን ብለው ቆጠቡት። ቤር የያዙት እንደማይበቃ ጽፎላቸው ነበር፤ ደብዳቤው ግን የደረሰው ከተነሡ በኋላ ነው። ወደ 8,000 ሜትር ሲቃረቡ እጃቸውን ዘርግተው ከረጢቱን ለመያዝ ፈለጉ፤ እጃቸው አልታዘዘም። ክሮሴ ስፒኔሊና ሲቬል ሞቱ፤ ቲሳንዲዬ ብቻ በሕይወት ተመለሰ። ኦክሲጅኑ አጠገባቸው ነበር።

የግፊት ክፍሉ እውነተኛ ሥራ ያገኘው በሐኪም ቤት ሳይሆን በድልድይና በዋሻ ሠራተኞች ዘንድ ነው። በወንዝ ወለል ላይ በታመቀ አየር ውኃው በተገፋበት ሣጥን ውስጥ የሚቈፍሩ ሠራተኞች ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ላይ ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን ይቆርጣቸው፣ እግራቸው ይከዳቸው፣ አንዳንዶቹም ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ ከአየሩ ውስጥ ወደ ደማቸው የገባው ናይትሮጅን ግፊቱ በድንገት ሲላላ ክዳኑ እንደ ተከፈተ አምቦ ውኃ አረፋ ማውጣቱ ነው። በ1889 በኒው ዮርክ የሀድሰን ዋሻ ሥራ ላይ መሐንዲሱ ኧርነስት ሞይር የታመመውን ሠራተኛ ወደ ግፊት መልሶ ቀስ ብሎ የሚያወጣ ክፍል አቆመ፤ የሞቱም ቍጥር እጅግ ቀነሰ። በ1908 ደግሞ ጆን ስኮት ሆልዴንና ሁለት ባልደረቦቹ ምን ያህል ቀስ ብሎ መውጣት እንደሚገባ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጡ። መሠረቱ ቀላል ነው፤ የሰው አካል ግፊቱ በአንድ ጊዜ በእጥፍ ቢቀንስለት ይችላል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ያሠጋል። ይህን ያስተማሩት ፍየሎች ናቸው። የአበርገሌ ሰው ፍየልን በወተቷና በሥጋዋ ያውቃታል፤ ለጠላቂዎች ሁሉ መዳን ምክንያት መሆኗን ቢሰማ አይደነቅም ይሆናል።

ሆልዴን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመርዝ ጋዝ ሳንባቸው የተቃጠለ ወታደሮችን ለማዳን ኦክሲጅንን በጭምብል በተለካ መጠን የመስጠትን ዘዴ አበጅቶ በ1917 አሳተመ። ኦክሲጅን በአልጋ አጠገብ የሚሰጥ መድኃኒት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ቆይቶ በ1936 የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ሲያዘንቡ፣ ከሰቆጣ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በኮረም ሜዳ ቆዳውና ዓይኑ ተቃጥሎ የወደቀው ኢትዮጵያዊ ይህ ዘዴ አልደረሰለትም። የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ራሱ በዚያው በኮረም አቅራቢያ መጋቢት 4 ቀን 1936 በቦምብ ተደብድቧል። የተቃጠሉትን በዓይኑ አይቶ ለዓለም ከመሰከሩት አንዱ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሐኪም ማርሴል ዡኖ ነበር። የስሙ ከመዳቡ ክፍል ባለቤት ከዡኖ ጋር መግጠም አጋጣሚ ነው፤ አንዱ ዡኖ አየርን መድኃኒት ለማድረግ ሲደክም፣ ሌላው አየር መሣሪያ ሲሆን ለመመስከር በቃ።

በእኛ አገር በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የገባውና «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በሚጤሰው ጭስ የሚታወሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ ባሕር ማዶ ለግፊት ክፍሉ ታሪክ እንግዳ ምዕራፍ ከፍቷል። በአሜሪካ በካንሳስ ከተማ የሚኖር ከኒንግሃም የተባለ ሐኪም በሽታው በከፍታ ስፍራ ያሉትን በዝቅተኛ ስፍራ ካሉት ይልቅ እንደሚያጠቃ አስተዋለ። ማስተዋሉ መልካም ነበር። አፋቸው የጠቆረ በሽተኞችን የታመቀ አየር ባለበት ክፍል አስገብቶ እንደረዳቸው ተናገረ። ከዚያ በኋላ ግን ለስኳር በሽታም፣ ለቂጥኝም፣ ለካንሰርም ያው ክፍል መድኃኒት ነው ማለት ጀመረ። በ1928 በአንድ ባለጸጋ ገንዘብ በክሊቭላንድ ከተማ ስፋቱ 20 ሜትር የሚጠጋ፣ ፎቅ ያለው የብረት ኳስ ተሠራለት። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠየቀው፤ አላቀረበም። ኳሱ በ1942 ለጦርነቱ ብረት ተብሎ ፈረሰ። ከኒንግሃም አንድም ጊዜ በትክክል አልመረመረም፤ የተጠቀመውም ኦክሲጅንን ሳይሆን ተራ አየርን ነበር። ከእርሱ የተነሣ ግፊት ክፍል የሚለው ቃል በሐኪሞች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ከጠንቋይ ቤት ተለይቶ አይታይም ነበር፤ ፍርዱም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስሙን የመለሰው የአምስተርዳሙ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኢተ ቡሬማ ነው። ቡሬማ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ የአሳማዎችን ቀይ የደም ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉ አስወግዶ፣ በምትካቸው ፈሳሽ ሞልቶ፣ በሦስት አትሞስፌር ንጹሕ ኦክሲጅን እንዲተነፍሱ በማድረግ በሕይወት እንዳቆያቸው አስታወቀ። ነገሩ ተአምር ቢመስልም ሒሳቡ ቀላል ነው። በባሕር ወለል 100 ሚሊ ሊትር ደም 20 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይሸከማል፤ ከዚህ ውስጥ በሄሞግሎቢን ሳይያዝ በደሙ ውኃ የሚሟሟው 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሄሞግሎቢኑ አንዴ ከሞላ ጭማሪ አይቀበልም፤ ቁና ከሞላ በኋላ ቢጨምሩበት እንደሚፈስ ነው። የደሙ ውኃ ግን በግፊቱ ልክ ያለ ወሰን ይቀበላል። በሦስት አትሞስፌር ንጹሕ ኦክሲጅን ሲተነፈስ የሚሟሟው ወደ 6 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ያረፈ ሰው አካልም ከ100 ሚሊ ሊትር ደም የሚወስደው ወደ 5 ሚሊ ሊትር ነው። የቡሬማ አሳማዎች ያለ ቀይ ደም የኖሩት በዚህ ነው። በቀጣዩ ዓመት የእርሱ ባልደረባ ብሩመልካምፕ ያለ አየር የሚራቡ ተሕዋስያን በሚያመጡት የጋዝ ጋንግሪን የታመሙ ሰዎችን በዚሁ ክፍል ማከሙን ገለጠ።

ከዚያ ወዲህ የሕክምናው ባለሙያዎች የሚሠራበትን ሕመም ዝርዝር በጥንቃቄ እያጠበቡና እያሰፉ ቆይተዋል። በጠላቂዎች ላይ የሚደርሰው የአረፋ ሕመምና ወደ ደም ሥር የገባ አየር የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ክርክር የለም። ቀጥሎ የጋዝ ጋንግሪን፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ፣ በጨረር ሕክምና የተጎዳ አጥንትና ሥጋ፣ አልድን ያለ የአጥንት ኢንፌክሽን፣ የደም ዝውውሩ የተዳከመ ቁስልና የመሳሰሉት ይመጣሉ። በስኳር በሽታ እግር ቁስል ላይ የተደረጉት ጥናቶች አልተስማሙም፤ በ2010 ከስዊድን የወጣው ጠቀመ ሲል፣ በ2018 ከኔዘርላንድ የወጣው ትልቅ ጥናት ልዩነቱን አላገኘም። ከዝርዝሩ ውጭ ለእርጅና፣ ለድካም፣ ለሁሉም ሕመም ይጠቅማል እየተባለ የሚሸጥበት አገርም አለ፤ የከኒንግሃም ኳስ ፈረሰ እንጂ ሐሳቡ አልፈረሰም።

ወደ ክፍሉ የሚላክ በሽተኛ የሚያጋጥመውን አስቀድሞ ቢያውቅ ፍርሃቱ ይቀልለታል። ክፍሉ አንድ ሰው የሚያስተኛ ግልጽ ሣጥን፣ ወይም ብዙ ሰው ከነአስታማሚው የሚያስቀምጥ ሰፊ የብረት ክፍል ሊሆን ይችላል። በሩ ተዘግቶ ግፊቱ ሲጨምር ይሞቃል፤ ጆሮም ተራራ በመኪና ሲወረድ እንደሚደፈነው ይደፈናል። ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት ወይም አፍንጫን ይዞ በቀስታ መንፋት ይከፍተዋል፤ ከሁሉ የሚበዛው ጉዳት የጆሮ ታምቡር ጉዳት ስለሆነ ሕመም የተሰማው ሰው ሳያፍር መናገር አለበት። ከዚያም ከ2 እስከ 3 አትሞስፌር ባለው ግፊት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ኦክሲጅን ይስባል፤ በየመካከሉ ለጥቂት ደቂቃ ተራ አየር እንዲተነፍስ ይደረጋል፤ ይህም ቤር ያየው መንፈራገጥ እንዳይመጣ ነው። ቢመጣም እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ኦክሲጅኑ ሲነሣም ይቆማል። ለድንገተኛ መመረዝ ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ፣ ለቆየ ቁስል ግን ከ20 እስከ 40 ጊዜ መግባት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከተመላለሰ የሩቁን ማየት ሊደክመው ይችላል፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለስለታል። የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላ መግባት የለበትም፤ ስኳሩ ሊወርድ ይችላልና። በደረቱ ሽፋን ውስጥ አየር የተከማቸበት ሰው ሳይታከም ፈጽሞ አይገባም፤ የሳንባ ነቀርሳ ዋሻ ጥሎበት ያለፈ ሳንባ በበዛበት አገርም ያለ ደረት ራጅ ማንንም ማስገባት አይገባም።

እሳት ደግሞ የክፍሉ ትልቁ ጠላት ነው። በ1997 በሚላኖ በተነሣ የግፊት ክፍል ቃጠሎ 11 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ክብሪትና ባትሪ ይቀራል፤ ልብስ የጥጥ ብቻ ይሆናል። በዚህ ረገድ የዋግ ሰው ጋቢውን ለብሶ ቢመጣ ከናይሎን ለባሹ ይሻላል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ግን ታጥቦ መግባት አለበት። ቅባት በኦክሲጅን ውስጥ በቀላሉ ይቀጣጠላልና ይህ ነገር በክፍሉ ብቻ ሳይሆን በየሆስፒታሉ የኦክሲጅን ሲሊንደር የሚከፍት እጅ ሁሉ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነው።

አሁን ክፍሉ ወደ ሰቆጣ ከፍታ ቢወጣ የሚሆነውን እንመልከት፤ የውጭ መጻሕፍት የሚጽፉት ለባሕር ጠረፍ ነውና። ሐኪሙ 2.4 አትሞስፌር ቢያዝ ይህ 1,824 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት ነው። በጠረፍ 760ው በተፈጥሮ ስላለ የሚጨመረው 1,064 ነው፤ በሰቆጣ ግን ከ580 ተነሥቶ 1,244 መጨመር ያስፈልጋል። የክፍሉ መለኪያ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ የሚያነብ ከሆነና ሠራተኛው በጠረፍ የተማረውን ቍጥር ከደገመ፣ በሽተኛው ያገኘው 2.4 መስሎት 2.16 ብቻ ያገኛል። ይህ የሚስተካከል ስሕተት ነው። የከፋው በአስታማሚው ላይ የሚደርሰው ነው። በሽተኛው ኦክሲጅን ስለሚስብ ናይትሮጅን አያከማችም፤ አብራው የገባችው ነርስ ግን ተራ አየር እየተነፈሰች ትቆያለች። በጠረፍ ስትወጣ ግፊቱ ከ2.4 ወደ 1 ይወርድላታል፤ በሰቆጣ ግን ከ2.4 ወደ 0.76፣ ማለትም ከሦስት እጥፍ በላይ ይወርዳል። ከሆልዴን ፍየሎች እጥፍ ወሰን ይበልጥ ራቀች ማለት ነው። በደጋ የሚሠራ ክፍል ለከፍታ የተሠራ ሠንጠረዥ፣ የዘገየ አወጣጥ፣ ከመውጣቱም በፊት ለአስታማሚው ኦክሲጅን የግድ ያስፈልገዋል። ብረቱን ገዝቶ ሠንጠረዡን የዘነጋ ተቋም በሽተኛውን አድኖ ነርሷን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

በመጠኑ አነስተኛ የሆነ ሌላ መሣሪያም አለ። በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ኢጎር ጋሞቭ ያበጀው የሚነፋ ከረጢት የተራራ ሕመም የያዘውን ሰው ውስጡ አስተኝቶ በእግር በሚረገጥ ወናፍ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊት ይጨምርለታል። በሰቆጣ ቢነፋ 580ው ወደ 680 ከፍ ይላል፤ ይህም ወደ ተከዜ ሸለቆ ከመውረድ ብዙም አይለይም። ከሄንሾ ወናፍ ተነሥቶ እዚህ ለመድረስ ሦስት መቶ ዓመት ፈጀ።

ለሰቆጣ ሐኪም ግን የግፊት ክፍል ጉዳይ በተግባር የሚመጣው በአንድ መንገድ ነው፤ በከሰል። ደጋው ሲበርድ ምድጃ ወደ ቤት ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል፤ በተለይ አራስ ባለችበት ቤት። የሚያጨስ እንጨት አስለቅሶ ያስወጣል፤ የፋመ ከሰል ግን ሽታ የለውም፣ ስለዚህም «ጭሱ አልቋል» ተብሎ ይታመናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክሲጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ የደጋው ኦክሲጅን በተፈጥሮው አነስተኛ ስለሆነም ማስለቀቁ ይከብደዋል። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት የለመዱ ጎረቤቶች ከሚያደርጉት ሁሉ የሚጠቅመው በሽተኛውን ወደ ደጅ ማውጣታቸው ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲሜትር ሊያታልል እንደሚችል መታወስ አለበት፤ በመርዙ የቀላውን ደም በኦክሲጅን የቀላ አድርጎ ያነበዋል፤ በሽተኛው እየሞተ 98 ሊያሳይ ይችላል።

እንዲህ ያለው በሽተኛ ወደ ግፊት ክፍል መሄድ አለበት ወይ? ጥናቶቹ ይለያያሉ። በ1999 ከአውስትራልያ የወጣው ጥናት ጥቅም አላገኘም። በ2002 ዊቨርና ባልደረቦቹ 152 በሽተኞች ላይ ያደረጉት ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ የማሰብና የማስታወስ ችግር በተራ ኦክሲጅን ከታከሙት 46፣ በግፊት ክፍል ከታከሙት 25 ከመቶ መሆኑን አሳየ። ክፍሉ አጠገብ ላለው ሰው መላኩ ያስኬዳል። ከዋግ ግን ወደ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መርዙ መንገዱ ሳያልቅ በራሱ ከደሙ ይወጣል፤ በመኪና ውስጥ ኦክሲጅኑ ካለቀ ግን ጉዳቱ ይቀራል። ስለዚህ በሰቆጣ ጥያቄው ክፍሉ የት አለ ሳይሆን ኦክሲጅኑ በመጀመሪያው ደቂቃ ተከፍቷል ወይ የሚለው ነው።

ይህም ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ኦክሲጅን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ከ1979 ጀምሮ የገባው ለማደንዘዣ ነው፤ ለኦክሲጅን ማነስ መድኃኒትነቱ በግልጽ የተጻፈው በ2017 ነው። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሕክምና ኦክሲጅንንና የኦክሲሜትርን መስፋፋት የሚመራ አገር አቀፍ ዕቅድ ያወጣው በ2016 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለሩቅ አውራጃ ሆስፒታል ሲሊንደር ማለት በጭነት መኪና ከሩቅ ከተማ የሚጠበቅ ብረት ነበር። ከተራ አየር ናይትሮጅንን አጥርቶ 93 ከመቶ ገደማ ኦክሲጅን የሚያወጣው ኮንሰንትሬተር መንገዱን አሳጠረው፤ ነገር ግን መብራት ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ሲዛመት የአካባቢው ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መብራትም ለረጅም ወራት ተቋረጠ፤ መብራት የሌለው ኮንሰንትሬተር ደግሞ ሣጥን ነው። በ2015 የተፈረመውና በከተማዋ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው፣ የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስወገድ የታሰበው ውል የምግብን ነገር ይዟል። የተጎዳ ሕፃን በምች ሲያዝ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ይኸው ኦክሲጅን ነው። በውኃ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ እያወጣ ጥቂት ግፊት የሚሰጠው ቀላል መሣሪያ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተፈትኖ በ2024 የወጣው ጥናት በምች ለተያዙ ሕፃናት መጥቀሙን አሳይቷል፤ ግፊቱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ነው፣ የግፊት ክፍሉ ግን ከ1,000 ይበልጣል። ሳንባን ከፍቶ ለመያዝ ያ ትንሽ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሌሊት ከከሰል ቤት የመጣ ሰው አለ እንበል፤ ከደሙ ሄሞግሎቢን 40 ከመቶው በመርዙ ተይዟል። በተራ አየር ቢተው መርዙ ወደ ግማሽ ለመውረድ በጠረፍ እንኳ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ኦክሲጅን መያዣ ከረጢት ያለው ጭምብል በደንብ ተገጥሞለት ንጹሕ ኦክሲጅን ቢስብ በጠረፍ 80 ደቂቃ፣ በሰቆጣ ግፊት ሲሰላ ወደ 107 ደቂቃ ይሆናል። በስድስት ሰዓት 40ው ወደ 4 ይወርዳል። 40 ሊትር የሚይዝ፣ እስከ 150 አትሞስፌር የተሞላ አንድ ሲሊንደር 6,000 ሊትር ኦክሲጅን ይሰጣል፤ በደቂቃ 15 ሊትር ቢለቀቅ ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቆያል። መብራት ባይኖርም ይሠራል። የሚያስፈልገው ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ መገኘቱ፣ መክፈቻ ቁልፉም በዘበኛው ኪስ ሳይሆን በሲሊንደሩ አንገት ላይ ታስሮ ማደሩ ነው።